ሦስተኛው ሳጥን

በወረዳችን ጽሕፈት ቤት አጥር ጥግ፣ ከዋናው በር በስተግራ፣ አንዲት ሴት ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች። ንብረቷ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተርና በአራት ቋሚ ላይ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ነበር። መብራት የምትስበው አጠገቧ ካለው ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የተዛመድነውም በዚያ ገመድ ነው ማለት ይቻላል። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አባዛለሁ። እሷ ከጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጋር ትጣላለች፣ እኔ አስታርቃለሁ።

ሰው ሁሉ «እትዬ አራት ነጥብ» ይላታል። ባለጉዳይ ወሬውን ሲያንዛዛባት «እሺ፣ እዚህ ላይ አራት ነጥብ» ብላ ስለምታስቆመው ነው ስሙ የወጣላት። በዚያ ላይ አንድ ነገር አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። አግብታ አታውቅም። ለምን ብለው ለሚነዘንዟት፣ «ጠያቂ መች ጠፋ፤ ማመልከቻው እየተጓደለ ነው» ትላለች።

ቅድስት ነበረች ልል አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ለሰው ብላ የጻፈችውን ውሸት እኔ አውቀዋለሁ፣ ያባዛሁት እኔ ነኝና። ከሥራ ለቀረ ሰው የሞተ አጎት ትፈጥርለታለች። እንዲያውም የአንዱን ዘበኛ አጎት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ገድላዋለች። «ደንቡ ካላዘነለት ወረቀቱ ይዘንለት» ነበር አባባሏ።

አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት። እናታቸው ስትሞት ትንሿ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች፣ አጥባም ባይሆን አብልታ፣ አስተምራ፣ ድራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ትንሿ እህት ጭር ያለ ቤት የማትወድ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ረጅም መንገድ የሚሠራ የጭነት መኪና ሹፌር አገባች። በተጋቡ በአራተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች፤ በወለደች በሦስተኛው ቀን ደሟ አልቆም ብሎ ሞተች።

ሹፌሩ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ እትዬ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እታለም፣ እኔ ኑሮዬ መንገድ ላይ ነው። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አላት።

«ማን ሊወስዳት ኖሯል ታዲያ?» አለችውና ተቀበለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ የእኔ ማባዣ ማሽን በመጣበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተነጥፎላት ታድግ ጀመር። መልኳ ቁርጥ እናቷን ስለሆነ እኔ «ግልባጭ» አልኳት። ስሙም ጸደቀ። እትዬ በአንድ እጇ ጡጦ ይዛ በሌላው ትተይባለች፤ ባለጉዳዩም ልጅቷ እስክታገሳ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።

ግልባጭ ሦስት ወር ሲሞላት የሕፃናት የዱቄት ወተት ከየሱቁ ጠፋ። አንዱ የውጭው ፋብሪካ ተዘግቶ ነው አለ፣ ሌላው መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ነው አለ፣ ሦስተኛው ነጋዴ ደብቆት ነው አለ። ሦስቱም ጥቂት ጥቂት እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም። መድኃኒት ቤቱ መጀመሪያ ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው አውርዶ ከባንኮኒው ኋላ አደረጋቸው፤ ቀጥሎ «ነገ ተመለሱ» አለ፤ በመጨረሻ መደርደሪያው ላይ ሳሙና ደረደረበት።

መንግሥት ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ቆየና በሬዲዮ መልስ ሰጠ። ያለው ወተት ሁሉ ተሰብስቦ በካርድ ይታደላል ተባለ። ይህ ባልከፋ። ክፋቱ ያለው ከሥር በተጻፈው ላይ ነው፤ ካርድ የሚሰጠው ጡት ማጥባት የማትችል መሆኗ በምርመራ ለተረጋገጠላት እናት ብቻ ነው፤ እናትየውም በአካል መቅረብ አለባት። በጽሕፈት ቤቱ አጥር ላይ ጉንጩ የተነፋ ሕፃን ያቀፈች፣ የምትስቅ ሴት ሥዕል ተለጠፈ። ከሥሩ «ከሁሉ የሚበልጠው ወተት ከእርስዎ ጋር ነው» ይላል።

እትዬ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አነበበችውና፣ «ከእኔ ጋር ከሆነ ወረፋው ለምን ከእነሱ ጋር ሆነ?» አለች።

ምርመራው የሚካሄደው በድሮው የስብሰባ አዳራሽ ጥግ ነው። አረንጓዴ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከኋላው አንዲት ነርስ አለች፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት። ሴቲቱ ትገባለች፣ ደረቷን ትከፍታለች፣ ጡቷ ይጨመቃል። ምንም ካልወጣ ካርድ ታገኛለች። አንዲት ጠብታ ከወጣች ቅጿ ላይ «ጠብታ ተገኝቷል» ተብሎ ይጻፍና ባዶ እጇን ትመለሳለች። ወረፋው ከመጋረጃው እስከ ደጁ ስለሚዘልቅ፣ የምትወጣውን ሴት ፊት አይቶ ምን እንደተባለች ሁሉም ያውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ከእትዬ ፊት ከተቀመጡት አንዷ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ትውላለች። እረፍት ስለሌላት ወተቷ ሸሚዟ ላይ ይፈስና፣ ቤቷ ስትደርስ ለልጇ የሚተርፍ የለም። ሲስተር ስትጨምቃት ግን ጠብ አለ።

«እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አለች ሠራተኛዋ፣ የሸሚዟን ቁልፍ ገና እየቆለፈች። «ጠብታ ልጅ ያሳድጋል ወይ?»

እትዬ አንድ ፊደል ሳትጨምር እንዳለችው ጻፈችላት። እንዲህ እያለች ለሌሎች ስትጽፍ ሰነበተች። ካርዱን «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ስም አወጣችለት።

ከዚያ የማለቅ ተራው የራሷ ጣሳ ላይ ደረሰ። ማንኪያው ጣሳውን መፋቅ ሲጀምር ግልባጭን አቅፋ፣ የእህቷን የሞት ምስክር ወረቀትና የልጅቷን የልደት ወረቀት በሦስት በሦስት ኮፒ አስደርጋ ገባች። ከመስኮቱ ወደ ቡድን መሪው መሯት። እኔም ወረቀቱን ይዤ አብሬያት ነበርኩ።

ቡድን መሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ የሚበላ፣ ከበላይ በመጣ ወረቀትና ከታች በመጣ ሰው መካከል የተጨመቀ ሰው ነው።

«እናትየው የታለች?» አለ።

«ሞታለች። ይኸው ወረቀቱ።»

«ነፍስ ይማር።» ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «ታዲያ የምትመረመረው ማን ናት?»

«ማንም። የሞተች ሴት እንደማታጠባ ለማወቅ ሲስተርን ማድከም አያስፈልግም።»

ሰውየው ቅጹን ወደ እሷ አዞረላት። «ይዩት እስኪ። ሁለት ሳጥን ነው ያለው። ‹ማጥባት የምትችል›፣ ‹ማጥባት የማትችል›። ሁለቱም ለእናት ነው። የእናት ፊርማ ከሌለው አይመዘገብም።»

«አባት አላት።»

«አባት ሳጥን የለውም።»

«እኔ አክስቷ ነኝ፣ አሳዳጊዋ።»

ሰውየው ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። «እትዬ፣ እርስዎን እዚህ የማያውቅ የለም። እናት ነኝ ብለው ይፈርሙ። ሲስተር መጋረጃው ውስጥም ሳታስገባ ትጽፍልዎታለች። ወተት የለኝም ቢሉ ደግሞ ውሸት አይሆንም። ዛሬውኑ ሁለት ጣሳ ይዘው ይሄዳሉ።»

እውነቱን ለመናገር እኔ በልቤ ተመስገን ብያለሁ። እትዬ ቅጹን ወደ ዓይኗ አቅርባ ጣቷን «የእናት ሙሉ ስም» የሚለው መስመር ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ላይ የእኔ ስም ሊገባ ነው?»

«አዎ።»

«የእሷስ የት ይገባል?»

«የእሷ... አያስፈልግም።»

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እትዬ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ድምፅዋን አልጨመረችም።

«ይህችን ልጅ እህቴ ናት የወለደቻት» አለች። «ወልዳት ነው የሞተችው። ሦስት ቀን አቅፋታለች። እንዴት እንደሞተች የጠየቀ የለም፤ አሁን ደግሞ ከነጭራሹ አልወለደችም ብዬ ልፈርም? አልፈርምም።»

ወጣን። ደጅ ስንደርስ አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ለሰው ስንት አጎት ገድለሽ የለም እንዴ? ለገዛ ልጅሽ አንዲት መስመር ብትዋሺ ምን አለበት?» አልኳት።

«የገደልኳቸው አጎቶች ያልነበሩ አጎቶች ናቸው» አለችኝ። «እህቴ ግን ነበረች።»



ያን ጊዜ የእኔ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ነበር፤ ባለቤቴ ታጠባለች። ስነግራት ነገር አላበዛችም፤ «አምጧት» ብቻ አለች። ከዚያ ጀምሮ ግልባጭ ጠዋትና ማታ ከእኛ ቤት ትጠባለች። በመካከል እትዬ ከተረፈችው ዱቄት በልኩ ለክታ ታጠጣታለች። ሲስተር ወተት ማቅጠን ሕፃን ይጎዳል ብላታለችና ዱቄቱን በውኃ ማብዛት አልፈለገችም። ባለቤቴም ብትሆን ለሁለት የሚበቃ ወተት አልነበራትም። የእኛው ልጅ ተነጫነጨ። ግልባጭ መጀመሪያ አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን ማልቀሷን ቀነሰች። ያኔ ነው የፈራነው።

ማክሰኞ ዕለት ሹፌሩ ከመንገድ ገባ። ልጅቷን አንስቶ ክብደቷ እጁ ላይ ሲቀልበት ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩን ሁሉ ሰማና እዚያው ሸራው ሥር፣ ባለጉዳይ እየሰማ፣ ተናገራት።

«እታለም፣ ፈርሚ። ልጄ ናት። ሚስቴ ብትኖር ራሷ ፈርሚ ትልሽ ነበር።»

«ትል ይሆናል» አለች እትዬ። «እሷ ከእኔ ይልቅ ለስላሳ ነበረች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስከ ዓርብ ስጠኝ። ዓርብ ቢሮ እስኪዘጋ ካልሆነልኝ እፈርማለሁ።»

«እስከ ዓርብ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሥራዬን።»

ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅሁ። ልጅቷን ይዞ ወደ ባለቤቴ ሄደ።

እትዬ የጽሕፈት ቤቱን ቅጽ ከፊቷ ዘርግታ እንደ አዲስ መተየብ ጀመረች። ፊደሉ ያው፣ አርማው ያው፣ ሁለቱ ሳጥኖች ያው። ከሥራቸው ግን ሦስተኛ ሳጥን ጨመረች፦ «ሌላ ምክንያት»፤ ለመጻፊያም ሦስት የነጥብ መስመር። ሦስተኛው ሳጥን ከሁለቱ ጋር በመጠንም በመስመርም እኩል እስኪሆን ስታስተካክል ግማሽ ቀን ፈጀባት። «ጠማማ ከሆነ በዓይናቸው ይጥሉታል» አለችኝ። ከዚያ የካርቶን ክዳን ላይ በማርከር «ሳጥን ያጣችሁ ወደዚህ» ብላ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

ሰው እንዲህ ብዙ ነው ብዬ አልገመትኩም ነበር። ልጃቸው ውጭ አገር ሥራ ሄዳ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አዛውንት መጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት መጣች፤ ሐኪሟ በዚህ መድኃኒት አታጥቢ ብሏታል፤ መጋረጃው ውስጥ ግን «ጠብታ ተገኝቷል» ተብላለች። የተጣለ ሕፃን አንስተው የሚያሳድጉ ባልና ሚስት መጡ። የፋብሪካዋ ሠራተኛም ተመልሳ መጣች። እትዬ እያንዳንዱን ትጠይቃለች፣ ታስቆማለች፣ ትጽፋለች፤ ምክንያቱ ከሦስት መስመር አይበልጥም። አዛውንቱ የእግራቸውን ሕመም ጭምር እንድትጽፍላቸው ሲለምኗት፣ «አባባ፣ ወተት የሚጠጣው እግርዎ አይደለም» ስትላቸው ሳቁ።

እኔ ፈርቼ ነበር። የመንግሥት ቅጽ አስመስሎ ማባዛት ሱቅ ያዘጋል፤ ሊያሳስርም ይችላል። ለባለቤቴ ስነግራት ሁለቱንም ሕፃናት ታቅፋ ነበር። «አንተ ማሽኑን አስነሣ» አለችኝ። አስነሣሁ።

የእትዬ ሐሳብ ቀላል ነበር። በጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ሁሉም ጀርባውን የሚያስደግፍበት የተለጠፈ ደንብ አለ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር የተሰጠው ማመልከቻ ሁሉ በጽሑፍ መልስ ያገኛል ይላል። መስኮት ላይ የተነገረ ነገር በቃል ተመልሶ ያልቃል፤ ቁጥር የያዘ ወረቀት ግን ከነሕይወቱ ይቀመጣል። «አፋቸውን አልፈልግም» አለችኝ፤ «ፊርማቸውን ነው የምፈልገው።»

ዓርብ ጠዋት ሃምሳ ሰባት ሰው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። መዝገቡን የምትይዘው ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሯት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያሰረች አሮጊት ናት፤ እማማ መዝገብ እንላታለን። የመጀመሪያዋን ቅጽ ተቀበለች። አነበበች። ሦስተኛው ሳጥን ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይህን ሳጥን አላውቀውም።»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች እትዬ።

እማማ መዝገብ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየቻት። «ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ቀንስ?»

«አለው።»

«እንግዲህ የእኔ ሥራ መመዝገብ ነው፤ መፍረድ አይደለም» አለችና ማኅተሙን አነሣች። ሃምሳ ሰባት ጊዜ ደበደበችው። ሠላሳዎቹ ላይ ቀኝ እጇ ሲዝል በግራዋ ቀጠለች።

ወሬው ፎቅ ከደረሰ በኋላ ቡድን መሪው እየሮጠ ወረደ። በእጁ አንዱን ቅጽ ይዟል። ዐሥራ አራት ዓመት «እርስዎ» ሲላት የኖረው ሰው ያን ቀን አንቺ አላት።

«አንቺ ማን ነሽና ነው የመንግሥት ቅጽ የምትለውጪው?»

«ዐሥራ አራት ዓመት ቅጻችሁን የሞላሁ ሴት ነኝ። ከእርስዎ ይልቅ አውቀዋለሁ።»

«ይህ ወንጀል ነው።»

«ከሆነ ቁጥር ይዟል። በጽሑፍ ይመልሱልኝ።»

ሰውየው ዘበኞቹን ጠርቶ ሸራውን እንዲያፈርሱ፣ ጠረጴዛውን እንዲያነሡ አዘዘ። አንደኛው ዘበኛ ያ አጎቱ ሦስት ጊዜ የሞተበት ነበር። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ቋሚዎቹን ነቀለ፤ ሸራውን እንደ አንሶላ በሥርዓት አጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። «ይቅርታ፣ እትዬ» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሥራህ ነው። አጎትህን ሰላም በልልኝ» አለችው።

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አጥሩን ተደግፋ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ገመዴ ይደርሳታል፤ አላቋረጥኩትም። አዛውንቱ ካፖርታቸውን አንጥፈው አጠገቧ ተቀመጡ። የፋብሪካዋ ሠራተኛ ከሥራ ቀርታ ነበር፤ እሷም ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ሃምሳ ሰባቱም ከነሕፃናቱ አጥሩን ይዘው ተቀምጠዋል። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። ሕፃን ያለቅሳል፣ ሕፃን ይባበላል፤ ፎቁ ላይ ያሉት መስኮቶች አንድ በአንድ ሰው ብቅ ይልባቸዋል።

ከምሳ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ በላይ ስልክ እንደተደወለ እማማ መዝገብ ቆይታ ነገረችን። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው መጀመሪያ «አባሯቸው» አለ። ቁጥር ተሰጥቷቸዋል ሲባል «ማን ነው ቁጥር የሰጣቸው?» አለ። ያም ሆነ ይህ ለሃምሳ ሰባት ሰው «የሞተች እናት ቀርባ ትመርመር» የሚል መልስ በፊርማውና በማኅተም ሊሰጥ የሚደፍር ኃላፊ አልተገኘም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡድን መሪው ራሱ ወጣ። የሸሚዙ አንገት ተከፍቷል። «እርስዎ ይነሡ እስኪ» አለ። እናት ለሌላቸው ሕፃናትና በሐኪም ለተከለከሉ እናቶች በልዩ ሁኔታ ካርድ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። «ሌሎቹ ይታያል።»

እትዬን አስቀድሞ ጠራት፤ ካርዱን አስቀድሞ ሞልቶት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ነጥቆ ይሮጣል። እሷ መነጽሯን አወጣችና አነበበች። «የእናት ስም» ከሚለው ፊት የእሷው ስም ተጽፏል።

መልሳ ሰጠችው። «ተሳስቷል።»

ሹፌሩ ግልባጭን አቅፎ አጠገቤ ቆሟል፤ ጥርሱን ሲነክስ ይሰማኛል። ቡድን መሪው ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ በጉልበቷ ላይ ያለውን የአፈር ምልክት አየ። አዲስ ካርድ አውጥቶ በእጁ ጻፈ። በእናት ቦታ የትንሿን እህት ሙሉ ስም፣ ከጎኑ «በሞት የተለየች»፤ ከሥሩ «አሳዳጊ» ብሎ ራሱ መስመር አስምሮ የእትዬን። እትዬ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ተቀበለች።

ሁለቱን ጣሳ ለሹፌሩ አስታቀፈችውና፣ «ሂድ፣ ቶሎ አጠጣት» አለችው። እሱም ግንባሯን ስሟት ሄደ። እኔም መሄድ ነበር ያሰብኩት፤ እሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች።

«የእርስዎ እኮ አልቋል» አላት ቡድን መሪው።

«የእኔ አለቀ። ‹ይታያል› የተባሉት መቼ ነው የሚታዩት?»

«ሰኞ።»

«በጽሑፍ ይሁን» አለች። ጻፈላት።

ወደ ሱቄ ስንገባ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው ቅጽ ነበር፣ ሁለት ሳጥን ያለው። በእናት ቦታ የራሷን ስም ሞልታ ፈርማበታለች።

«ሐሙስ ነው የፈረምኩት» አለችኝ። «ዓርብ አሥር ሰዓት ሲሆን ላስገባው።»

«ታስገቢው ነበር?»

«ልጅ ተርቦ? እንዴታ፣ ለዚያውም ሳላፍር። ሰኞ ደግሞ የስም ማስተካከያ ማመልከቻ ይዤ በራቸው ላይ እገኝ ነበር።» ወረቀቱን ቀደደችው፤ እንደ ልማዷ በአራት።

ሰኞ የሆነውን ያደረገችው ሲስተር ናት። መጋረጃው እንዳለ ነው፤ ሴቶቹ ይገባሉ። ሲስተር ግን እጆቿን በጋውኗ ኪስ አድርጋ፣ «ወተትሽ ለልጅሽ ይበቃል?» ብላ ትጠይቃለች። ሴቲቱ የመለሰችውን ትጽፋለች። የፋብሪካዋ ሠራተኛ በዚያ ሳምንት ካርድ አገኘች። «ጠብታ ተገኝቷል» የሚባል ነገር ድንገት ከመዝገቡ መጥፋቱን ያዩ የበላይ ሰዎች ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ «እኔ ነርስ ነኝ እንጂ ላም አላቢ አይደለሁም» አለቻቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። መልሱን ማን እንደጻፈላት መናገር አያስፈልግም።

እጥረቱ አምስት ወር ቆየ። ግልባጭ በሁለት ሳምንት ጉንጯ ተመለሰ። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ሱቁ ውስጥ እየሮጠች ወረቀት ታጨማልቅብኛለች። ሰው «እናትሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቃት ሳትቆም ሳትተክዝ፣ «እናቴ ሞታለች፤ ይህች አክስቴ ናት» ትላለች። ጠያቂው ይደነግጣል፤ ሁለቱ አይደነግጡም። የአጥሩ ጥግ ቦታ ግን አልተመለሰም። እዚያ አሁን የአበባ ማሰሮ ተደርድሯል። እትዬ እኔ ሱቅ ውስጥ በመስኮቱ ሥር ትሠራለች፣ ስለ ቀለሜ ጥራትም በየቀኑ ትነዘንዘኛለች።

ከሃምሳ ሰባቱ አንዷ «ይታያል» ከተባሉት መካከል የነበረች ወጣት እናት ናት። ተራዋ ደርሶ ካርዷ ሲወጣ ልጇ በሕይወት አልነበረም። ለሦስት ሳምንት በውኃ ያቀጠነችውን ወተት ስታጠጣው ቆይታ ነበር። ካርዱን መስኮቱ ላይ ትታ ሄደች። ሰፈሩን ለቅቃለች አሉ፤ የት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘንም።

እትዬ ግን የእሷን ማመልከቻ ቁጥር ይዛለች። ካርዱ ሳይወሰድ ስለቀረ መልስ ያላገኘው ቁጥር እሱ ብቻ ነውና በየሦስት ወሩ አንድ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ከሃምሳ ሰባቱ ለዚህ ቁጥር በጽሑፍ የተሰጠ መልስ የለም፣ ልጁ የሞተበት ምክንያት ተጣርቶ ይገለጽልኝ የምትል ሁለት አንቀጽ ናት። እኔ አባዛላታለሁ። እማማ መዝገብ ጡረታ ወጥታ በቦታዋ አንድ ለጋ ወጣት ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤውን ሲቀበላት የቀድሞዎቹን ክምር አየና፣ «እትዬ፣ ይህን እስከ መቼ ነው የምታመጪው?» አላት።

«እስክትመልሱልኝ» አለችው። «አሁን ቁጥር ስጠኝ።»